ዲአር በማግስቱ ስላልታየ ምላሽ የለም አይባልም

ኢንተርፌሮን ጋማ (የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የሚያመነጩት መልእክተኛ ፕሮቲን) የተጨመረባቸው የቆዳ ፋይብሮብላስቶች (የቆዳን ድጋፍ የሚሠሩ ሕዋሳት) ዲአር የተባለውን የገጽ ፕሮቲን ማውጣታቸው በማግስቱ ተለክቶ «ምላሽ የለም» ተብሎ ሲጻፍ ያሳዝናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕዋሳቱ ገና ሥራቸውን አልጨረሱም።

ኤችኤልኤ የሕዋስ ገጽ ላይ ሆነው ለበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የፕሮቲን ቁርጥራጭ የሚያሳዩ ፕሮቲኖች ናቸው። ክፍል አንድ ኒውክለስ ባለው ሕዋስ ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል፣ ቀድሞም አለ። ኢንተርፌሮን አልፋም ቤታም ጋማም ይጨምሩታል። ክፍል ሁለት (ዲአር፣ ዲፒ፣ ዲኪው) ግን በአዘቦቱ የዴንድሪቲክ ሕዋሳት፣ የማክሮፋጆችና የቢ ሕዋሳት፣ ማለትም የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ነው፤ ፋይብሮብላስት ላይ የሚያወጣው በዋናነት ጋማ ነው። ጋማ ተቀባዩን ሲይዝ ጃክ1 እና ጃክ2 የተባሉ ኢንዛይሞች ስታት1 የተባለውን ፕሮቲን ያነቃሉ፤ ስታት1 ኒውክለስ ገብቶ አይአርኤፍ1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ያስመርታል፤ ሁለቱ ተጋግዘው ሲአይአይቲኤ የተባለውን ፕሮቲን ያስነሳሉ፤ የክፍል ሁለት ጂኖች የሚከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ክፍል አንድ በ24 ሰዓት ከፍ ሲል ዲአር ጎልቶ የሚወጣው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ነው። ቲዩበርኩሎይድ በሚባለው የሥጋ ደዌ ዓይነት፣ ቁስሉ ላይ ያሉት ኬራቲኖሳይቶች (የቆዳ ላይኛው ሽፋን ሕዋሳት) ዲአር የሚያወጡትም በዚሁ በጋማ ነው።

ለመነሻ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይበቃል። የሰው ጋማ መሆኑን አረጋግጡ፤ የአይጥ ጋማ የሰውን ሕዋስ አያነቃም። ደጋግሞ ከቀለጠ ኃይሉን ያጣል፣ ገና ሲመጣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሉት።

ሱሉልታ አካባቢ ለሚሠራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2500 ሜትር በላይ፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኢንኩቤተሩ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያሳይም ሚዲየሙ (ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ውስጥ የሚሟሟው ያንሳል፤ ቀዩ ሚዲየም ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ ሕዋሳቱም ይጎዳሉ። ወደ 6.5 በመቶ ከፍ አድርጉና ፒኤቹን ለኩ። መብራት ሲጠፋ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ።

ሕዋሳቱን ከሚያድጉበት ሳህን ስታነሱ ትሪፕሲን የተባለውን ኢንዛይም አታቆዩባቸው፣ የገጽ ፕሮቲን ይቆርጣል፤ ኢዲቲኤ በተባለው ኬሚካል ማንሳት ይሻላል። ለክፍል አንድ ደብሊው6/32፣ ለዲአር ኤል243 የተባሉትን አንቲቦዲዎች ተጠቀሙ። የሞቱ ሕዋሳት አንቲቦዲ ያለ አግባብ ስለሚይዙ 7-ኤኤዲ በተባለው ቀለም ለይታችሁ አውጧቸው።

ክፍል አንድም ዲአርም ካልጨመሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንተርፌሮኑ ነው፤ ቀጥሎ ተቀባዩና ስታት1። ክፍል አንድ ጨምሮ ዲአር በ72 ሰዓትም ካልመጣ ግን ጋማው ሠርቷል፣ ችግሩ ምናልባት ሲአይአይቲኤ ዘንድ ነው። ኬ562 የተባለው በላብራቶሪ የሚራባ የሕዋስ ዘር እንዲህ ያለ ነው፤ በጋማ ክፍል አንድን ያወጣል፣ ዲአርን አያወጣም። ለዲአር ማረጋገጫ እሱን አትውሰዱ፣ ቲኤችፒ-1 የተባለው ሌላ የሕዋስ ዘር ይሻላል።