«ቲቸር፣ ፋይሉ አማርኛ አይደለም»

ነገሩ ካለፈ ሦስት ዓመት ሆነው። እስካሁን ግን ከውስጤ አልወጣም።

ያኔ የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ መረጃ ማዕከል ውስጥ ነበር። አዲስ የሚገቡትን ስልክ ተቀባዮች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ስድስት ሳምንት ይሠለጥናሉ፣ መጨረሻ ላይ ይፈተናሉ፣ ከዚያ በነጥባቸው ቅደም ተከተል ይመደባሉ። በዚያ ዙር 24 ሰልጣኞች ነበሩኝ፣ ቦታው ግን 18 ብቻ ነው። ከ24ቱ አንዱ ዓይነ ስውር ነው። በሕግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ ቆይቷል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ሰው ሳይጨርስ አያቋርጥም፣ የሰማውን ስልክ ቁጥር አይረሳም። ለዚህ ሥራ ሰው ምረጪ ብባል መጀመሪያ የምመርጠው እሱን ነው።

እንደሚመጣ ቀድሞ ስለተነገረኝ ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር። የስልጠናው ጽሑፍ 64 ገጽ ነው። ለሌሎቹ ታትሞ ተሰጣቸው፣ ለእሱ በፍላሽ ሰጠሁት። ላፕቶፑ ላይ ኤንቪዲኤ አለው። ኤንቪዲኤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ ማይክል ከራን የሚባል አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው። አማርኛም ያነባል፣ ድምፁ ቢሻክርም ይገባል። እና ፍላሹን ስሰጠው ደስ ብሎኝ ነበር። የሚገባውን ሁሉ ያደረግኩለት መስሎኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሌሎቹ ሳይገቡ ክፍል ውስጥ ጠበቀኝ።

«ቲቸር፣ ፋይሉ አማርኛ አይደለም» አለኝ።

«እንዴ! አማርኛ ነው እንጂ። ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ። እኔ ጋ ሲደርስ ግን አማርኛ አይደለም።»

ማዳመጫውን አውልቆ ሰጠኝና የመጀመሪያውን መስመር አስነበበው። «መመሪያ ቁጥር» ይላል መስመሩ፣ በዓይኔ እያየሁት ነው። ጆሮዬ ውስጥ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። «ቁጥር» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ «ኪው፣ ዶላር፣ አር» አለ። ወደ ሁለተኛው ገጽ ወሰደኝ፣ ያው ነው። 30ኛው ገጽም ያው። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ምናልባት አንዱ ገጽ ይነበብ ይሆናል ብሎ አንድ በአንድ ሲሞክር እንዳደረ ነገረኝ። ይህን ሲለኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

«ኮምፒውተርህ ተበላሽቶ ይሆን?» አልኩት።

«ጽሑፉን በሙሉ ይምረጡትና ፎንቱን ኤሪያል ያድርጉት» አለኝ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ።

አደረግኩት። 64ቱም ገጽ በአንድ ጊዜ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። ዶላር፣ ቅንፍ፣ ቃለ አጋኖ። እሱ ሌሊቱን ሲሰማው ያደረው ይሄንን ነበር።

ቢሮ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝን። እነዚህ የድሮ ፎንቶች የአማርኛ ፊደል መልክ ነው ያላቸው፤ ኮምፒውተሩ ከሥር የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ዓይን ላለው ሰው ምንም ልዩነት የለውም። የሚያነበው ፕሮግራም ግን መልኩን አያይም፣ ከሥር ያለውን ነው የሚያነበው። ዩኒኮድ የሚባል፣ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር ሥርዓት አለ፤ የግዕዝ ፊደል የራሱ ቁጥር አግኝቶ እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስንት ዓመት ሆነው! የእኛ መሥሪያ ቤት ግን ቅጹም፣ ደብዳቤውም፣ መመሪያውም በድሮው ፎንት ነበር፣ እኔም አሥር ዓመት ሙሉ በዚያው ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

«ዩኒቨርሲቲ እያለህ እንዴት ታነብ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ጓደኞቼ ያነቡልኛል፣ እኔ በስልኬ እቀዳለሁ። አምስት ዓመት ሰው እየለመንኩ ነው የተማርኩት፣ ቲቸር። እዚህ እንኳ ሥራ ነው፣ ራሴ ላንብበው ብዬ ነው።»

ይቺን ንግግር አልረሳትም።

ኃላፊዬ ጋ ሄድኩ። ሁለት ቀን ይስጡኝና ጽሑፉን በዩኒኮድ ላዘጋጀው፣ ከዚህ በኋላም ሁሉንም ነገር በዚያ እንጻፍ አልኳቸው።

«ለአንድ ሰው ብለን የመሥሪያ ቤቱን ፎንት እንቀይር?» አሉኝ። «ብሬል አይችልም እንዴ?»

ይችላል። ግን ብሬል ማተሚያ የለንም። ቢኖረንስ፣ ደንበኛው መስመር ላይ እየጠበቀ መልሱን የሚፈልገው ከኮምፒውተሩ ነው፣ እንደ ሌላው ሠራተኛ። ይህን አስረዳኋቸው። ቀኑን አልከለከሉኝም፣ አልሰጡኝምም። «እንግዲህ ከሥራ ሰዓት ውጪ ከቻልሽ» አሉኝ። መቀየሪያ ፕሮግራም አገኘሁ፣ አንዳንዱን ፊደል እያዛባ አስቸገረኝ። ሰንጠረዦቹንማ እንደገና ነው የሠራኋቸው። ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ ሠርቼ ምዕራፍ በምዕራፍ ሰጠሁት። የመጨረሻው ምዕራፍ እጁ የገባው አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ሌሎቹ ያን ጊዜ ሙሉውን ሁለት ጊዜ አንብበውታል።

ፈተናው ሲደርስ የእሱን በዩኒኮድ ፋይል እንስጠው ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩ። የፈተና ኮሚቴው ጥያቄው ይወጣል ብሎ ከለከለና አንባቢ መደበለት። የተመደበው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ቀና ልጅ ነው፣ እሱን አልወቅስም። ግን የሥራውን ቃላት አያውቃቸውም፣ ይደናቀፋል፣ ምርጫዎቹን አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል፣ እንደገና ማንበብ ግድ ይሆናል። 40 ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት። ተጨማሪ ደቂቃ የለም፣ «ለሁሉም እኩል ነው» ተባለ። ሰዓቱ ሲያልቅ አምስት ጥያቄዎች ገና አልተነበቡለትም ነበር።

18ኛው ሰው 72.5 አመጣ። እሱ 70 አምጥቶ 19ኛ ወጣ።

ውጤቱ የሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ አራት ሆነን ተቀመጥን። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣውን አዋጅ፣ ቁጥር 568/2000ን፣ አትሜ ይዤ ገባሁ። አካል ጉዳተኛው እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያ ይሰጠዋል የሚለውን አነበብኩላቸው። አሠሪው ለሥራውም ለስልጠናውም ሁኔታዎችን እንዲያመቻች የሚያስገድደውንም።

«ተቀራራቢ ማለት ስንት ነው?» አሉ ኃላፊዬ።

«ሁለት ነጥብ ተኩል ተቀራራቢ ካልሆነ ስንት ሊሆን ነው?»

«ይሄ እኮ ምደባ ነው እንጂ ቅጥር አይደለም።»

«ያልተመደበ ይቀጠራል እንዴ?» አልኩ።

ማንም አልመለሰልኝም። አንዱ ስልኩን እየነካካ ነበር። ኃላፊዬ በተጠባባቂነት ይያዝ አሉና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። በኋላ ቃለ ጉባኤው ሲዞር እኔም ፈረምኩ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የልዩነት ሐሳብ አለኝ ብዬ ማስፈር እችል ነበር፣ መብቴም ነው። ቢያንስ ፋይሉ ውስጥ አንድ ሰው እንደተቃወመ ይቀር ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ ደግሞም ፈራሁ፣ ያው የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው በእሳቸው እጅ ነው። ሌሎቹ ምንም አሉ ምን፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእኔ ነው።

ውጤቱን ለእሱ የነገርኩት እኔው ነኝ። አልተቆጣም። ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ያልተነበቡልኝን አምስት ጥያቄዎች ሊያነቡልኝ ይችላሉ?» አለኝ። ፈተናው አልቋል፣ ምንም አይቀየርም። ግን አነበብኩለት፣ ቀስ ብዬ፣ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እየለየሁ። አራቱን በትክክል መለሰ። አምስተኛውን ተሳሳተና ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ «እሺ» አለ። እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ነጥብ ተኩል እንደሚይዝ ሁለታችንም እናውቃለን። አንዱም አላነሳነውም።

ከተጠባባቂ ዝርዝሩ ማንም አልጠራውም። እኔም ያንን መሥሪያ ቤት ከለቀቅኩ ቆየሁ። አሁን የትም ቦታ ላሠለጥን ስሄድ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጽሑፌን በኤንቪዲኤ ከፍቼ፣ ስክሪኑን አጥፍቼ አዳምጠዋለሁ። ሰልጣኞቹ መሀል ዓይነ ስውር ይኑርም አይኑርም። እሱን ግን ይሄ አልጠቀመውም።

ባለፈው ወር ደወለልኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አውጥቶ በቴሌግራም ደርሶታል፤ የተላከው ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ነው። ፎቶውን ፕሮግራሙ አያነብለትም። «ቲቸር፣ ምን ይላል?» አለኝ። ላከልኝና አነበብኩለት፦ የሥራው መደብ፣ ደመወዙ፣ የሚፈለገው የትምህርት ደረጃ፣ ኮፒና ኦርጂናሉ። ከታች በደማቁ «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» የሚል አለ። ይህን መስመር ልለፈው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ምንም ሳላስቀር ሁሉንም ላነብለት እንደሚገባ ተሰማኝና አነበብኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

«ምዝገባው መቼ ነው የሚያበቃው?»

«ዓርብ።»

«ሐሙስ ይመችዎታል?»

ሐሙስ ጠዋት አብረን ሄድን። ምዝገባው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ የሚሞላው ቅጽም በወረቀት ብቻ ነው። መዝጋቢዋ ቅጹን ለእኔ ዘረጋችልኝ። «ለእሱ ነው» አልኳት፣ «ጥያቄዎቹን ለእሱ ያንብቡለት።» ቀና ብላ አየችው፣ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋችና ከስሙ ጀመረች።