የጆንያ ጎመን
ዛሬ የሰፈራችን ጡረተኞች ጎመን በጆንያ ሲተክሉ ዋሉ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከመደብ ይሻላል፤ ብዙ ማጎንበስ የለም። 2 እጅ አፈር ከ1 እጅ ብስባሽ ጋር ይደባለቃል። ዋናው ግን የመሃሉ የጠጠር ምሰሶ ነው። ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ የቆርቆሮ ጣሳ ጆንያው መሃል ይቆማል፤ ውስጡ ጠጠር፣ ዙሪያው አፈር ይሞላና ቆርቆሮው ወደ ላይ ይሳባል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ አፉ። «ጠጠር ምን ያደርጋል?» ብሎ የዘለለ ሰው፣ ውኃው ላይ ላዩን ይቀርና የታች ችግኞቹ ይደርቁበታል። ችግኞቹ የሚተከሉባቸው የጆንያው የጎን ቀዳዳዎች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቁ። ስፋታቸው 2 ጣት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ አፈሩ ይፈስሳል። ሲሞላ አንዱ ጆንያውን ይያዝ፣ አለዚያ ይጋደማል። የማጠጣት ተራ ደግሞ ተጽፎ ይለጠፍ! ጎመን የሚደርቀው ሁሉም «እነ እንትና አጠጥተውታል» ሲል ነው።