ራስ የገሩትን ፈረስ ይዞ ግራንድ ፕሪ መግባት፦ የእግር ቅያሪ ማስታወሻ

ፈረሱን ከጥሬነቱ ጀምሮ ራሱ የገራ ጋላቢ ጉድለቱን የሚያሳየው መስታወት የለውም። ጋላቢው ወደ ቀኝ አዘንብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ፈረሱ ያንኑ ትክክል ነው ብሎ ይማረዋል፤ ሁለቱም ተስማምተው ይጣመማሉ። በሶምሶማ ይደበቃል፣ ጎን ለጎን ሲሄድም ብዙ አያስታውቅም። የሚጋለጠው በካንተር (ከሶምሶማ በሚፈጥነው፣ ሦስት ምት ባለው ግልቢያ)፣ በአየር ላይ እግር ማስቀየር ሲጀመር ነው፤ ይህም ፈረሱ የሚመራበትን የፊት እግር ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ ማስለወጥ ነው። ለዚህ ነው ከድሬሳዥ (ፈረስን በጋላቢው ስውር ምልክት በሥርዓት የማስኬድ ስፖርት) ሥራ ሁሉ ይህ ማስታወሻ እግር ቅያሪ ላይ የሚያተኩረው።

መቸኮል አያዋጣም። በዓለም አቀፍ ውድድር ፈረስ ፕሪ ሴንት ጆርጅ የሚባለው ደረጃ ለመግባት 7፣ ከፍተኛው ደረጃ ግራንድ ፕሪ ለመግባት 8 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ያ ግን ዝቅተኛው ነው። እንግሊዛዊቷ ጋላቢ ሻርሎት ዱጃርዲን እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘችበት ፈረስ ቫሌግሮ የተወለደው በ2002 ነው፤ ያኔ 10 ዓመቱ ነበር።

በካንተር ሦስት ምት አለ፦ አንዱ የኋላ እግር፣ ቀጥሎ ሌላው የኋላ እግር በሰያፍ ካለው የፊት እግር ጋር፣ መጨረሻ መሪው የፊት እግር። ከዚያ አራቱም ከመሬት ይለቃሉ፤ ይህ ሁሉ አንድ ርምጃ ይባላል፤ ቅያሪው የሚሆነው አራቱም በለቀቁባት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ምልክቱ መድረስ ያለበት ቀደም ብሎ፣ መሪው እግር መሬት ሲነካ ነው። ፈረሱ ከመሬት ከለቀቀ በኋላ የመጣ ምልክት የፊቱን ብቻ ያስቀይርና የኋላውን አንድ ርምጃ ያዘገየዋል። ዳኛው ከ10 የሚሰጠው ነጥብ ያኔ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 በታች ይወርዳል። የሚያዘገየው ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ የምልክት ሰዓት አይደለም፤ ጣጣው የመጣመም ነው። በዚያ በኩል የውስጥ ዛብ ይጎተታል፣ የኋላው እግር ወደ ፊት የሚገባበት ቦታ ያጣል።

ተከታታይ ቅያሪ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ይፈተሽ። 20 ሜትር ክብ ላይ በተቃራኒ እግር ካንተር (የክቡ ውጪ በኩል ያለው እግር መሪ ሆኖ) ሳይጨናነቅ ይሄዳል? ከዝግታ ወደ ካንተር፣ ከካንተር ወደ ዝግታ፣ ሶምሶማ ሳይገባበት በሁለቱም በኩል አምስት አምስት ጊዜ ይሠራል? ነጠላ ቅያሪውስ ሲጠየቅ ብቻ፣ በተጠየቀበት ቦታ ይመጣል? በሜዳው ዙሪያ ቦታ ከሚያመለክቱት ፊደሎች ሁልጊዜ አንዱ ላይ የሚጠየቅ ፈረስ ፊደሉን እንጂ ጋላቢውን አይሰማም።

ተከታታዩ የሚጀመረው በየአራት ርምጃ አንዴ በመቀየር፣ ረጅሙ ግድግዳ አጠገብ ነው፤ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቀይር" እያሉ ድምፅ አውጥቶ መቁጠር ያዋጣል። መጀመሪያ ሁለት ቅያሪ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አምስት። አምስቱ ንጹሕ ሲሆኑ በየሦስት፣ እነሱም ሲጸኑ በየሁለት። ፕሪ ሴንት ጆርጅ የሚጠይቀው በየአራት 5 እና በየሦስት 5 ነው፤ ግራንድ ፕሪ በየሁለት 9፣ በየርምጃው 15።

መጣመሙን ለማየት ከማንም አስተያየት አሸዋው ይበልጣል። አንድ መስመር በሬክ (በአሸዋ ማበጠሪያ) ተስተካክሎ ቅያሪዎቹ እዚያ ላይ ይሠሩ፣ ከዚያ ከፈረስ ወርዶ ኮቴውን ማየት ነው። የኋላ ኮቴዎቹ በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች መውረድ አለባቸው። እንደ እባብ ከተጥመለመሉ ዳሌው እየተወዛወዘ ነው፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ ጋላቢው ነው፣ እግሩን ወደ ኋላ አርቆ ስለሚልክ። ስልክ መስመሩ መጨረሻ ላይ አቁሞ በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ መቅረጽም ያው ነው፤ ከጎን የተቀረጸ ግን ለዚህ አይጠቅምም።

በየርምጃው የሚቀየረው ሌላ ዓለም ነው። አንድ ጥንድ ብቻ ይጠየቃል፦ ቀይር፣ ወዲያው መልስ። አልቋል፤ ዛብ ይላላ፣ በዝግታ ይሂድ። ፈረሱ ጥንዱን ያለ ፍርሃት ካልሠራ ሦስተኛ መጨመር ኪሳራ ነው። ምልክቱ የሚሰጠው ቀዳሚው ቅያሪ ገና እየተፈጸመ ሳለ ስለሆነ የጋላቢው እግር ትንሽ፣ ቅርብና እኩል መሆን አለበት። ቅያሪዎቹ አጭርና ዝቅ ያሉ ከሆኑ ካንተሩ ጉልበት የለውም፤ አስር ርምጃ ያህል ወደ ፊት ለቆ መሰብሰብ፣ ከዚያ እንደገና መሞከር። ሳይጠየቅ የሚቀይር ፈረስ አይመታም፤ ዛሬ ስለቀየረ የተቀጣ ነገ ሲጠየቅ እምቢ ይላል። ወደ 20 ሜትር ክብና ወደ ተቃራኒ እግር ካንተር መመለስ ይበቃዋል።

ሜዳው 20 በ60 ሜትር ነው። ከጥጉ ትንሽ ገባ ብሎ ካለው ፊደል እስከ ተቃራኒው ጥግ አቻው ያለው ሰያፍ መስመር 52 ሜትር ይሆናል። አንዱ ርምጃ 3 ሜትር ቢይዝ 15ቱ ቅያሪ 45 ሜትር ይበላል። የሚተርፈው 7 ሜትር ብቻ ነው፤ ከጥጉ ሲወጡ ፈረሱን በአንድ ሁለት ርምጃ ቀጥ ማድረግ ያልቻለ ጋላቢ 15ኛውን ግድግዳው ውስጥ ይቆጥራል። ስምንተኛው ቅያሪ የሜዳው መሐል ላይ እንዲወድቅ ማስላት ይሻላል።

ፒሩዌት (ፈረሱ በካንተር በኋላ እግሮቹ ዙሪያ በቦታው መዞሩ) ላይ የሚታየው ስህተት ከዚሁ ዘመድ ነው። ሙሉው ከ6 እስከ 8 ርምጃ ይፈልጋል፤ በ4 የሚዞር ፈረስ ትከሻው ተወርውሮ ነው። በ10 ሜትር ክብ ላይ ዳሌውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ሁለት ሦስት ርምጃ መዞር፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ መውጣት። ሙሉውን በየቀኑ መሥራት ጀርባ ይጨርሳል። በውድድር ነጥቡ በ2 ስለሚባዛ ብዙዎች ይደጋግሙታል፤ ያ ሒሳብ ግን ልምምድ ላይ አይሠራም።

ፒያፍ (በቦታው የሚሠራ ከፍ ያለ ሶምሶማ) በኃይል በማስገደድ አይመጣም። ከዝግታ አምስት ስድስት ግማሽ ርምጃ፣ በትንሹ ወደ ፊት እየሄደ፣ ከዚያ ሶምሶማ። በአንድ ቦታ ቶሎ የተሰካ ፈረስ የፊት እግሮቹን ወደ ኋላ ይሰበስብና መቀመጡን ይረሳል።

የውድድሩ ዕለት ማሞቂያ ሜዳ ላይ 15ቱን ሙሉ የሚያስቀይር ጋላቢ ይታያል፤ ምርጦቹን እዚያው ያፈሳል። አንድ ጊዜ 3፣ አንድ ጊዜ 5፣ በደካማው በኩል አንድ ነጠላ ይበቃል። ውድድር ሜዳ ሲገባ ለሰላምታ መቆም ቢያንስ 3 ሰከንድ ነው፤ ሰላምታው አብቅቶ ሁለቱም እጆች ዛቡን ሳይዙ ፈረሱ እንዳይነሳ ቤት ሳለ በየቀኑ ማስቆም።