አመዳዩ ሳይቀልጥ

ደሴ ላይ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ታኅሣሥና ጥር ፋታ የላቸውም። አዝመራው ይገባል፣ ገና ይደርሳል፣ ጥምቀት ይከተላል፣ ከዚያ ሰርጉ ይደራረባል። ብርዱም የሚጠናው ልክ እዚያው ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ፒያሳ አካባቢ ስቱዲዮ ውስጥ ነኝ። ጉርድ ፎቶ፣ የልደት ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ። ክፍት ቀን ሳገኝ ግን ሽቅብ እወጣለሁ፤ ወደ ጉጉፍቱ፣ ወደ ለጋምቦ፣ ሲመቸኝ ደግሞ ወደ ደላንታ። የምሄደው አመዳይ ፍለጋ ነው፤ ሌሊት ሣሩን አንጥቶ የሚያድረውን ውርጭ።

ጓደኞቼ ይስቁብኛል። "ብርድ ከፍሎ የሚገዛ ሰው አይተን አናውቅም" ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ የጦሳን ተራራ ተደግፋ፣ ማታ ማታ ጋቢ የማያስወልቅ ብርድ አላት። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የሚፈለገው ብርሃን ነው። በበጋ ጧት ደጋው ላይ አየሩ ጥርት ይላል። ፀሐይዋ ከመሬት ብዙ ሳትርቅ በጎን ትመጣለች። መሬቱ ነጭ ስለሆነ ብርሃኑን መልሶ ወደ ሰው ፊት ይረጨዋል። ይህን ስቱዲዮ ውስጥ በመብራት ለማምጣት ሞክሬያለሁ፣ አይሆንም። ችግሩ ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐይ ካረፈችበት በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ ሁሉም ነገር ወደ እርጥብ ሣር ይመለሳል። ስለዚህ የቀረው ዝግጅት ሁሉ ለዚያች ሰዓት ጣትም ባትሪም ሳይደነዝዝ ለመድረስ ነው።

አመዳይ በየቀኑ አይጥልም። ማታ ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋሱ ጸጥ ካለ ይጠበቃል። ደመና ካለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ ከሌለ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። ነፋስ ከኖረ አየሩ ሲማሰል ያድራል፤ ለሰው ብርዱ ይብሳል፣ ሣሩ ላይ ግን ምንም የለም። ሌላው ነገር ቦታው ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል። ከፍ ባልኩ ቁጥር አመዳዩ ይበዛል ብሎ ገደል አናት ላይ የሚቆም ሰው ጧት ታች ሜዳው ነጥቶ ያየዋል። እረኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ጧት በጎቹን ፀሐይ ቀድማ ወደምታርፍበት ተዳፋት ነው የሚነዱት። እኔም ከመተኛቴ በፊት ወጣ ብዬ ኮከብ አያለሁ። ከዋክብቱ ከፈኩ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ካልተንቀሳቀሰ፣ ስልኬን ለሌሊቱ 11 ሰዓት እሞላና እተኛለሁ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ስለሆነ፣ ቦታ ለመያዝ በቂ ጊዜ አለ።

ብዙ መውጣትም አያስፈልግም። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ሰው በሸሚዝ ሲውል፣ ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ጆሮ ያስከድናል። ደቡብ ወሎ ላይ አምባ ፈሪት 4,000 ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሰሜን ወሎ ላይ አቡነ ዮሴፍ 4,200ን ያልፋል። እነዚያ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ አገር ናቸው፤ ረጅም ሌንስና ረጅም ትዕግሥት ላለው ሰው ይሁኑለት። እኔ የምፈልገው ሰው ያለበትን ብርድ ነው።

ልብስ ላይ ብዙ አልቆይም። ከውስጥ ቀጭን፣ መሐል ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ሰልባጅ ይበቃል። ዋናው እጅ ነው። ቆፈን የያዘው ጣት ቁልፉን ይጫን አይጫን አይታወቀውም። የሱፍ ጓንት ገዝቼ የቀኙን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፋቸውን ቆረጥኩ፤ እንዳይተረተር ዳሩን በመርፌ ዘመዘምኩት። ከሥሩ ቀጭን የጥጥ ጓንት አለ። የትራይፖዱ የአሉሚኒየም እግር ደግሞ በጓንት እንኳ እጅ ይለበልባል። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆራርጬ ጠመጠምኩበት። ውድ ነገር መግዛት ሳያስፈልግ ችግሩ በዚሁ አለቀ።

ባትሪ ብርድ ሲያገኘው ይሰንፋል። አብዛኞቹ ካሜራዎች መመሪያቸው ላይ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ እንሠራለን ይላሉ፤ የእኛ የደጋ ጧት እዚያው ዜሮው ደጃፍ ላይ ነው። ሙሉ የነበረው ባትሪ ድንገት ቀይ ያበራል። ብዙ ሰው "አለቀ" ብሎ ቦርሳ ውስጥ ይጥለዋል። አላለቀም። ውስጡ ያለው ኬሚካል ቀዝቅዞ ሥራው ተጓትቶ ነው። ከሹራብ ሥር የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ሲቆይ አብዛኛው ጉልበቱ ይመለሳል። እኔ አንዱ ሲሠራ ሌላውን ደረቴ ላይ አሞቃለሁ፣ ከዚያ አቀያይራለሁ። ሌሊት ከባናው ሥር አብረውኝ ያድራሉ። ስልክም እንዲሁ ነው፤ 30 ፐርሰንት እያለው ጭልም ሲል አትደንግጡ፣ ጉያችሁ ውስጥ ክተቱት። እሳት ዳር ማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ ሊቲየም ባትሪና ምድጃ አይዋደዱም። ከብርድ የገባ ባትሪም ወዲያው ቻርጅ ላይ አይሰካም። መጀመሪያ ቤቱን ይልመድ።

አሁን ወደ ሰው።

ለጋምቦ ውስጥ አንድ ጧት አውድማ ዳር ደረስኩ። የገብስ ክምሩ ጀርባው ነጥቷል። በሬዎቹ ገና አልተጠመዱም። በርኖስ የለበሱ አዛውንት ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይዋን ይጠብቃሉ።

"አባባ፣ አንድ ላንሳዎት?"

"እኔን? ምን ሊረባህ?"

"እርስዎንም አመዳዩንም ነው።"

"እሱንስ አንሳልኝ" አሉኝ። "ያውም ይዘኸው ሂድ። አትመልሰው።"

ግድግዳው ሥር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ነገሩን አጫወቱኝ። ጥቅምት ላይ አንድ ሌሊት አመዳዩ መጥቶ ባቄላቸውን በአበባው አስቀርቶታል። የታኅሣሡ አመዳይ እህል ከታጨደ በኋላ ስለሚመጣ ያን ያህል አይጎዳም፤ የጥቅምቱ ግን የዓመት ቀለብ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደጋ ስወጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "አዝመራው እንዴት ነው?" የሚል ሆኗል። መልሱ ካላማረኝ ካሜራው ከቦርሳው አይወጣም። ውርጭ የመታውን ማሳ "ሲያምር!" እያሉ መዞር ነውር ነው። ይህ የፎቶ ጉዳይ አይደለም።

አውድማ የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ነዶው እርጥበት ይዞ እያለ ቢወቃ እህሉ ከገለባው በደንብ አይለይም። ስለዚህ ገበሬው ፀሐይ እስክታደርቀው ይጠብቃል። ያቺ የመጠበቂያ ሰዓትና የእኔ የብርሃን ሰዓት አንድ ናቸው። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቆሎ ይቆረጥማል፣ ያወጋል። እኔም ካሜራ ከማውጣቴ በፊት አብሬ እሞቃለሁ። ቆሎው ሲዞር እዘግናለሁ። ትንሽ ቆይቶ ማንም ልብ አይለኝም።

ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ይሳሳታል። ሁሉንም ወደ መካከለኛ ግራጫ ለመጎተት ስለተሠራ፣ አመዳዩን ከነጋቢው አመድ ያስመስለዋል። አንድ ደረጃ ያህል ብርሃን መጨመር ያስፈልጋል። ስክሪኑን አምኖ መወሰንም አያዋጣም፤ ገና ሳይነጋ ጨለማ ውስጥ የሚታይ ስክሪን ሁሉን ነገር ብሩህ ያደርገዋል። ካሜራው የሚያሳየውን የብርሃን ግራፍ፣ ሂስቶግራሙን፣ ነው ማየት። ከዚያ ደግሞ ፊት አለ። ጠይም ፊት፣ ነጭ ጋቢ፣ ነጭ መሬት። ፀሐይ ፊት ለፊት ከመታችው ዓይን ይጨፈናል፣ ጋቢው ዝርዝሩ ይጠፋል። እኔ ሰውየውን ከፀሐይዋ ግማሽ አዞረዋለሁ። ያኔ ብርሃኑ ከጋቢው እጥፋት ተመልሶ ጉንጩ ላይ ያርፋል። ስቱዲዮ ውስጥ በነጭ ጃንጥላ የምሠራውን ሥራ እዚያ ጋቢው በነጻ ይሠራልኛል።

ትንፋሽ ማሳየት ለሚፈልግ፣ ፀሐይዋ ከሰውየው ጀርባ ትሁን፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ይጥቆር። የተከፈተ የቤት በር ለዚህ ተስማሚ ነው። ጠጋ ማለትም ጥሩ ነው። ኮንጎ ጫማ የተጫማ አንድ እረኛ ጋቢውን አፉ ድረስ ተጠቅልሎ ቆሞ ነበር። ትንፋሹ የሚያልፍበት የጋቢው ጠርዝ ረጥቧል። ከእርጥቡ ወጣ ብሎ ጥለቱ ላይ ከቆሙት ክሮች እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ደቃቅ ነጭ ፍሬ ይዟል። ልጁ ሲስቅ ፍሬዎቹ ይቀልጣሉ፣ ዝም ሲል ይመለሳሉ። የሜዳውን ሰፊ ፎቶ ብዙ ሰው አንስቶታል፤ እኔ ይቺን እመርጣለሁ።

ከብርዱ ይልቅ ካሜራ የሚጎዳው ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ነው። ደጋው ላይ ደግሞ "ግባ፣ እሳት ሙቅ" መባል አይቀርም፤ አልገባም ማለትም ወሎ ላይ አይሞከርም። ቤቱ ውስጥ ኩበት ይነድዳል፣ ጀበናው ይንተከተካል፣ አየሩ በእንፋሎት የተሞላ ነው። የቀዘቀዘ ሌንስ ሲያገኝ እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ውሃ ይሆናል። ውጪ ያለው ይጠረጋል፤ ውስጥ የገባው ግን ሻጋታ ጠርቶ ሌንሱን ይበላዋል። መድኃኒቱ ፌስታል ነው። በሩ ላይ ሳልደርስ ሚሞሪ ካርዱን አወጣለሁ፣ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከትቼ አየሩን አስወጥቼ አጥብቄ አስረዋለሁ፣ ከዚያ እገባለሁ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ሰዓት ማየት አያስፈልገኝም፤ ቡናው ይነግረኛል። አቦል ሲቀዳ ፌስታሉ ከውጭ እርጥብ ነው። ቶና ላይ ጠብታው ይሳሳል። በረካ ሲደርስ ደርቋል፣ ያኔ እፈታዋለሁ። ቡናው እስኪያልቅ የሚቸኩል እንግዳ እንደማይወደድም አትርሱ።

ጧት ጉጉፍቱ ውዬ ለሰኞ ገበያ ባቲ የምወርድበት ቀን አለ። ያኔም ሕጉ ያው ነው። ቦርሳው ከላይ እንደተዘጋ ይወርዳል፣ ቆላው ላይ እስኪሞቅ አይከፈትም። ሚኒባስ ውስጥ "እስኪ ያነሳኸውን አሳየን" የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ለእሱ ስልኬን አሳየዋለሁ።

ገንዘቡ ያለው ግን ሰርጉ ላይ ነው። ሙሽራዋ ትከሻዋ በተከፈተ ቬሎ፣ በጥር፣ ደሴ ላይ። ከንፈር ሲጠቁርና ትከሻ ወደ ጆሮ ሲወጣ የትኛውም ማስተካከያ ፕሮግራም አያድነውም። ስለዚህ ውል ስንዋዋል ሰዓቱን እኔ እወስናለሁ፤ የውጪ ፎቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት የለም። ጦሳ ላይ ካልወጣን የሚሉ አሉ። ከተማዋ ከላይ ስትታይ ታምራለች፣ አልክድም፣ ነፋሱ ግን ቬሎውን ከነሙሽራዋ ሊወስድ ይደርሳል። እኔ ሐይቅ ከተማ ያለውን ሐይቅ አስመርጣቸዋለሁ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል፣ ውሃውም ጥሩ ዳራ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳበት ቀደም ማለት ነው። አቋቋሙን የማስተካክለው፣ ብርሃኑን የምለካው ሙሽራዋ ጋቢ እንደለበሰች ነው። ሁሉም ሲያልቅ ብቻ ሚዜዋ ጋቢውን ትቀበላታለች፣ ጥቂት አነሳለሁ፣ ጋቢው ይመለሳል። ፔርሙስ ሻይም ከመኪናው አይጠፋም።

የላሊበላ ገና ሌላ ዓይነት ብርድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማደር ስለሆነ ከእጅ ይልቅ እግር ነው የሚፈተነው። ጫማው ሁለት ካልሲ ሲደረብበት የማይጠብ ይሁን። ጧት ቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኵሉ ሲባል፣ ካህናቱ ከላይም ከታችም ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ፣ ለዚያ ሙቅ ባትሪ ተርፎ መገኘት አለበት። ሌሊቱን በጧፍ ብርሃን ሳነሳ እሱን እያሰብኩ እቆጥባለሁ። ፍላሽ አልጠቀምም። የሰው ጸሎት ላይ መብራት መተኮስ ደግ አይደለም፣ የጧፉንም ብርሃን ይገድለዋል።

ስቱዲዮ የሚመጡ ጀማሪ ልጆች "ለደጋ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?" ይሉኛል። ያለህ ይበቃሃል፣ ባትሪ ግዛ እላቸዋለሁ። ያገለገለ ባትሪ የምትገዙ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በጣት ነካ አድርጉት። ከዞረ ወይም ከተወዛወዘ አብጧል፤ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ጀርባቸው ላይ በማርከር ቁጥር ጻፉባቸው። ብርድ ላይ ቀድሞ የሚሰንፈው ያረጀው ነው፣ የቱ እንደሆነ በሁለት ጧት ይለያል። እሱን ለስቱዲዮ ሥራ አስቀሩት።