ያልፈሰሰ ቡና ያቃጠላት ልጅ

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ዕቃ ዕቃው ደርቷል። ረከቦቱ የጫማ ካርቶን፣ ጀበናው ባዶ ሃይላንድ፣ ስኒዎቹ ቆርኪዎች ናቸው። ቡና የምትቀዳው የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ አንዱን ቆርኪ ገለበጠችና «ውይ! እግሬን አቃጠለኝ!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ በባዶ መዳፉ እግሯን ይጠርግላት ጀመር። ጩኸቱን ሰምታ የሮጠችው ረዳት መምህርት እግሯን አገላብጣ አየች፤ ምንም የለም። «የታለ ቡናው? ውሸት ነውር አይደለም እንዴ?» ጨዋታው እዚያው ተበተነ። ማታ እናትየው ልጇን ልትወስድ ስትመጣ «ልጅዎ መዋሸት ጀምራለች» ተባለች።

አልዋሸችም። የሚዋሽ ሰው ሌላው እውነት ብሎ እንዲቀበለው ይፈልጋል፤ እዚያ ካርቶን ዙሪያ ግን ቡና እንደሌለ የማያውቅ አልነበረም። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ጠራጊው ነው፤ ማንም ሳይነግረው የማይታየው ቡና የት እንደፈሰሰ ያውቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አለን ሌስሊ ይህንኑ በቀላል ሙከራ አሳይቷል። ሁለት ባዶ ኩባያዎች ላይ በማስመሰል «ሻይ» ይቀዳል፤ አንዱ ይዘቀዘቃል፤ ከዚያ «ባዶው የቱ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች የተዘቀዘቀውን ያሳያሉ፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው ባዶ ሆነው ሳለ። ሁለት ስኒ ያላት መምህርት ሁሉ ልትሞክረው ትችላለች።

ረዳቷ ሮጣ መምጣቷ ተገቢ ነበር፤ እውነተኛ ጀበና በሚጣድበት ግቢ መጠርጠር ይሻላል። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። በእውነት የተቃጠለ ልጅ ብዙውን ጊዜ የያዘውን ጥሎ ወደ አዋቂ ዞሮ ያለቅሳል፤ ይህቺ ግን ቆርኪዋን እንደያዘች ጓደኞቿን ነበር የምታየው። እግሩ ደህና መሆኑ ከታየ፣ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ «ለእኔም አንድ ስኒ ይደርሰኛል? ስኳር ቀንሺልኝ» ማለት ይበቃል። ቀጂው ግን አዋቂው እንዳይሆን፤ ከአቦል እስከ በረካ ትልቅ ሰው ሲመራው ልጆቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስኒ የሚመስል ስኒ ይፈልጋል፤ ሦስት ያለፈው በካርቶንና በእንጨት ቁራጭ ይግባባል። ቆርኪ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የጨዋታው ጊዜ ከ30 ደቂቃ ባይወርድ ይመረጣል፤ እናት ማን ይሁን፣ እንግዳ ማን ይሁን የሚለው ክርክር ብቻውን ብዙ ይበላል።

ጅብ ጅብ ሲጫወቱ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ፖል ሃሪስና ባልደረቦቹ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ የ4 እና የ6 ዓመት ልጆች ባዶ ሳጥን ውስጥ አንድ ፍጡር እንዳለ በምናባቸው እንዲያስቡ ተደረገ። ምናብ መሆኑን ቢያውቁም፣ ብቻቸውን ሲቀሩ አንዳንዶቹ ሳጥኑን ከመፈተሽ አልተመለሱም። ስለዚህ ጥግ የተደበቀው ልጅ ፊቱ ከተለወጠ «ጅብ የለም» ብሎ መከራከር ብዙም አያዋጣም፤ «ጅቡ ጠግቦ እንጦጦ ወጣ» ብሎ እዚያው ጨዋታው ውስጥ ሆኖ መሸኘት ይቀላል።