ሚዛኑ ነው ያጎደለው

ዛሬ ጅማ መርካቶ፣ አንድ ቡና ሻጭ ለመንገደኛ ቄስ «አባ፣ ሚዛኑ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግኩ?» ሲል ሰማሁ። ከቡናው ሳህን ሥር ቁራጭ ብረት በፕላስተር ተለጥፋለች። አባ ሳቅ ብለው «አዳምም የሰጠኸኝ ሴት ናት ብሎ ነበር» አሉት።

ብዙ ንስሐ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጥፋቱን በሌላ ማላከክ፣ ወይም «በድያለሁ» ብሎ መጠቅለል! ምን፣ ማንን፣ ስንት ጊዜ የሚለው ካልተነገረ የንስሐ አባት ቀኖናውን፣ ማለትም ለበደሉ የሚሰጡትን ጾምና ስግደት የመሰለ ቅጣት፣ በምን ይመጥኑታል? ጾምና ስግደትም የሰው ገንዘብ አይመልስም። ቀራጩ ዘኬዎስ 4 እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃስ 19፥8)፤ ኦሪትም ዋናውን ከነአምስተኛ እጁ ታስመልሳለች። የተጭበረበረው ገዢ ካልታወቀስ? እሱንም ለንስሐ አባት መናገር ነው፤ ለነዳያን ስጥ ሊሉ ይችላሉ። ቀኖናው ሲፈጸም «ይፍታህ» ይባላል፣ ከዚያ ነው ወደ ቁርባኑ የሚቀረበው።