የባቄላው እርሾ

ባቄላው ሲያብብ አንዱን ተክል ዙሪያውን በአካፋ ቆፍሬ አወጣሁት። ሥሩን ባልዲ ውስጥ በቀስታ አጠብኩ። ሥሩ ላይ ያገኘኋቸው እባጮች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የደቀቁ። አንዷን በጥፍሬ ስሰነጥቃት ውስጧ ነጣ ብሎ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ባክቴሪያ ያለበት የፓኬት ዱቄት፣ ገዝቼ የሞከርኩበት የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ሆነ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ማሳው የአባቴ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ደጋ ላይ፣ ቀይ አፈር። እዚያ ባቄላን ከገብስ ጋር እያፈራረቁ መዝራት የቆየ ልማድ ነው። ባቄላ የነበረበት መሬት ላይ ገብስ እንደሚያምር አባቴ ከአባቱ ነው የተማረው።

ምስጢሩ ሥሩ ላይ ነው። ከአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ተክል ግን ከአየር መውሰድ አይችልም። ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይችላሉ። የባቄላ ሥር አፈሩ ውስጥ ኬሚካል ይለቃል፤ እንደ ጥሪ በሉት። የሚስማማው ባክቴሪያ በራሱ ኬሚካል መልስ ይሰጣል። ያኔ ሥሩ ላይ ያሉት ፀጉር የመሰሉ ክሮች ይጠቀለሉና አቅፈው ያስገቡታል። ሥሩም እዚያ ቦታ ላይ ያብጣል። ባቄላው ስኳር ያበላዋል፣ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ያመጣለታል። አባቴ በዓይኑ የሚያውቀውን ነገር ሄልሪገልና ዊልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን በሙከራ ያረጋገጡት በፈረንጆቹ 1880ዎቹ ነው። በ1888 ደግሞ ቤይሪንክ የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪ ባክቴሪያውን ከእባጩ ለይቶ አወጣው።

ታዲያ የእኔ ለምን አልሠራም? ወደኋላ ተመልሼ ያደረግኩትን አንድ በአንድ አሰብኩት። ፓኬቱን ከከተማ ሳመጣ ከጆንያው ጋር ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ነበር የጫንኩት፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ መትቶታል። ዘሩ የፈንገስ መድኃኒት የተቀባ ነበር። ደግሞ ይጠንክር ብዬ የናይትሮጅን ማዳበሪያውን ዩሪያን ጨመርኩ። ናይትሮጅን በነፃ ያገኘ ባቄላ ባክቴሪያ ለመቀለብ አይቸገርም፤ እባጭ መሥራቱን ይተዋል። ያየኋቸው ጥቂት እባጮች ከድሮም አፈሩ ውስጥ የነበሩ ባክቴሪያዎች የሠሯቸው ይመስለኛል። እነሱ ሁሉም ጎበዝ ሠራተኞች አይደሉም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እርሾ ነው በለኛ!» አለችኝ። «እርሾ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል እንዴ? በፈላ ውሃስ ይበጠበጣል?»

ያነበብኩት ሁሉ እንደዚያ ቃል አልገባኝም። እኔ ማዳበሪያ የሚለውን ስም ይዤ እንደ ዩሪያ ነበር የያዝኩት። ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ረስቼ።

በሁለተኛው ዓመት ከአፈሩ ጀመርኩ። አሲዳማ አፈር ባክቴሪያውንም ሥሩንም ይጎዳል፤ ፎስፈረስንም ቆልፎ ይይዛል። የአፈር ምርመራ አስደረግኩና በታዘዘልኝ ልክ ለአንዷ ጥማድ 5 ኩንታል ኖራ ሚያዝያ ላይ በትነን አረስነው። ልኩ ከመሬት መሬት ይለያያል፤ የጎረቤትን ልክ አትቅዱ።

ሰኔ ላይ መድኃኒት ያልነካው ዘር አዘጋጀሁ። ፓኬቱ 125 ግራም ነው፣ ለአንድ ጥማድ። ዋንዛው ጥላ ሥር ትንሽ ስኳር በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩ፤ ዱቄቱ እንዲጣበቅ ነው። ዘሩን በዚያ አርሼ ጥቁሩን ዱቄት እስኪለብስ በእጄ አገላበጥኩት። ብዙ ሳላሽ፣ ቆዳው እንዳይላጥ። ወዲያው ዘራን። አባቴ በበሬ ትልም ያወጣል፣ እኔ ከኋላው እጥላለሁ፣ ተከታዩ ትልም ያለብሰዋል። ለማወዳደር አራት ትልም ያለ ባክቴሪያ ተውኩ። እነሱን ቀድመን ነው የዘራናቸው፣ በእጃችን እንዳናዛምትባቸው። ለፎስፈረሱ ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ሰጠሁ፤ ዩሪያ ግን አልነካሁም።

ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሰሞን፣ ባልዲዬን ይዤ ሄድኩ። አባቴም መጣ። ከዋናው ሥር አንገት ላይ እባጮቹ ተሰካክተዋል፣ አንዳንዶቹ ምስር ያክላሉ። አንዷን ሰነጠቅኳት። ውስጧ ቀይ ነው፣ እንደ ድድ።

«ደም ነው እንዴ?» አለኝ።

ብዙም አልተሳሳተም። ሌግሂሞግሎቢን ይባላል፤ ደማችንን የሚያቀላው የሂሞግሎቢን ዘመድ ነው። ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዘውን ኢንዛይም ኦክስጅን ያበላሸዋል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይተነፍስም። ይህ ቀይ ነገር ኦክስጅኑን ይዞ በልክ በልኩ ያድለዋል። ስለዚህ እባጩ ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። አባቴ እባጯን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

ካለፈው ዓመት 3 ኩንታል ወደ 4 ኩንታል ተኩል ወጣን። ጭማሪውን ሁሉ ለባክቴሪያው አልሰጥም፣ ኖራው ድርሻ አለው። ግን አራቱ ትልሞችም ኖራውን እኩል ነው ያገኙት፤ እነሱ ከሩቅ በቢጫነታቸው ይለዩ ነበር። ስናነሳም መንቀል ትተን በማጭድ አጨድን፣ ሥሩ ለገብሱ እንዲቀርለት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ጎረቤታችን ይህን አይቶ ለሽምብራው የባቄላ ፓኬት ሊገዛ ነበር፣ ደረስኩበት። የባቄላው ባክቴሪያ ለአተርና ለምስርም ይሆናል። ለሽምብራና ለአኩሪ አተር ግን የየራሳቸው አላቸው። ስትገዙ ፓኬቱ ላይ የሰብሉን ስምና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ።

ዘንድሮ ፓኬቱን ይዤ ስገባ እናቴ ከእጄ ተቀበለችኝ። ከምድጃው ራቅ ባለው ጥግ፣ ጋኑ አጠገብ፣ ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። እስክንዘራም ማንንም አላስነካችም።